የድሮ ዘፈን በኢንተርኔት ሬዲዮ፦ የቱን ጣቢያ፣ ለማን?

«የድሮ ዘፈን የሚያጫውት ጥሩ የኦንላይን ሬዲዮ ጠቁመኝ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። የአንድ ጣቢያ ስም ነግሬ ብገላገል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ጠያቂዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ሜሪላንድ ሌሊት ኡበር ይነዳል። ሌላዋ ሪያድ፣ ሰው ቤት ኩሽና ውስጥ፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ትሠራለች። ሌላው አዲስ አበባ፣ ሳሪስ ተቀምጦ፣ የወር ጥቅሉ ሳያልቅበት መስማት ይፈልጋል። ስለዚህ ስም ከመጥራት በፊት የጣቢያዎቹን ዓይነት ማወዳደር ይሻላል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለድሮ ዘፈን ከድምፅ ጥራት በፊት መታየት ያለበት ዘፈኑን የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ነው። ከተቀዳ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዘፈን በ320 ኪሎቢት፣ ማለትም በከፍተኛ የድምፅ ጥራት፣ ቢላክም ያው የድሮ ቅጂ ነው። ከካሴት የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ የካሴቱ «ሽ» የሚል ድምፅም አብሮ በጥራት ይደርሳል። ዘፈኑን የሚያውቅ፣ ማን እንደዘፈነው ብቻ ሳይሆን ማን እንዳጀበው የሚናገር አዘጋጅ ያለበት ጣቢያ ግን በደካማ ስርጭትም ቢሆን ይሰማል።

መጀመሪያ፦ የትኛው «ድሮ»?

«የድሮ ዘፈን» የሚል ማስታወቂያ ብቻ አይቶ ጣቢያ መምረጥ ያሳስታል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የኒውዮርኩ ደብሊው ሲ ቢ ኤስ ኤፍኤም 101.1 እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በቆዩ ዘፈኖች የታወቀ ጣቢያ ነበር። በ2005 አሠራሩን ድንገት ቀይሮ አድማጩን አስቆጣ። በ2007 ሲመለስ ግን ትኩረቱ ወደ ኋለኞቹ ዐሥርት ዓመታት ተሻግሮ ነበር። የአድማጩ ዕድሜ በተቀየረ ቁጥር «ድሮ» የሚባለውም ይቀየራል።

በእኛ ዘንድ ቢያንስ ሦስት ድሮ አለ። የመጀመሪያው የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች፣ የሀገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም የሸክላው ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተሙን ሥራ በብቸኝነት ይዞት የነበረውን የሀገር ፍቅርን መብት ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ጀመረ። ካይፋ ሬከርድስና ፊሊፕስም በዚያው ዘመን አሳትመዋል። ሁለተኛው ድሮ ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ነው፤ ዋልያስ፣ ዳህላክ፣ ሮሃና ኢትዮ ስታር ባንዶች ያጀቧቸው ሥራዎች የሚገኙት እዚህ ነው። ሦስተኛው ኪቦርድ ባንዱን የተካበት ጊዜ ሲሆን ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ለሆነው ወጣት «የድሮ ዘፈን» ማለት ይኸው ነው።

የትኛውን እንደሚያጫውት ለማወቅ ጣቢያውን አንድ ሰዓት ያህል ያዳምጡት። የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ልብ ይበሉ፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ሰው የነፋቸው ናቸው ወይስ ከኪቦርድ የወጡ? ብዙ የሸክላ ዘመን ዘፈኖች ኋላ ላይ በኪቦርድ እንደገና ተቀድተዋል፤ ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚዞረውም ይኸው ሁለተኛው ቅጂ ነው። ድምፃዊው ያው ነው፣ ዜማው ያው ነው፣ ግን ዋናው ቅጂ አይደለም። የመጀመሪያውን ቅጂ ለይቶ የሚያጫውት ጣቢያ ካገኙ መራጩ የሚሠራውን ያውቃል ማለት ነው።

ስለ ድግግሞሽም ከመማረር በፊት አንድ ሒሳብ እናስላ። በሸክላው ዘመን በጠቅላላ የታተሙት ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች ወደ 500 ገደማ ናቸው ይባላል። አንድ ሺህ ዘፈን ማለት ነው። እያንዳንዱን አራት ደቂቃ ተኩል ብንለው ሰባ አምስት ሰዓት ያህል ይሆናል። ቀንና ሌሊት ሸክላ ብቻ የሚያጫውት ጣቢያ፣ ሁሉም ሸክላ በእጁ ቢኖር እንኳ፣ በአራተኛው ቀን ወደ መጀመሪያው መመለሱ አይቀርም። ጉዳዩ ስንት ጊዜ ደገመው ሳይሆን በየስንት ሰዓቱ ደገመው ነው። ጠዋት የሰሙትን ከሰዓት በኋላ ከደገመው መቶ ያልሞላ ፋይል ጭኖ የተወው ሰው አለ።

የአዲስ አበባ ኤፍኤሞች በኢንተርኔት

የመጀመሪያው አማራጭ አየር ላይ ያሉት ጣቢያዎች በድረ ገጻቸው ወይም በአፕ የሚለቁት ቀጥታ ስርጭት ነው፤ ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1፣ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ሌሎችም። እነዚህ የድሮ ዘፈን ጣቢያዎች አይደሉም። ዜና አለ፣ ስፖንሰር አለ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ትንታኔ አለ፤ እሱ ደግሞ ከጀመረ አያልቅም። የድሮ ዘፈን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ማለዳ፣ ሌሊትና በእሑድ ዝግጅቶች መሃል ነው።

እንዲህም ሆኖ ከሀገር ውጭ ላለ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ከዘፈኑ ጋር ሰው አለ። አዘጋጁ ዘፈኑን ከማጫወቱ በፊት ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማውን ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ኦርኬስትራ እንደተቀዳ ይናገራል። አድማጭ ደውሎ «ይህንን ዘፈን ለባለቤቴ» ይላል። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ሌላ የትም የማይገኝ ነገር ይመጣል፤ የዓውደ ዓመት ዘፈኖች ቀኑን ሙሉ ይሰማሉ፣ ሰዎች የመልካም ምኞት መልእክት ይልካሉ። ዝነኛ ድምፃዊ ያረፈ ዕለትም እንዲሁ ነው። ጥላሁን ገሠሠ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2009 ባረፈ ጊዜ፣ ዓለማየሁ እሸቴም በ2021 ሲያርፍ፣ ሀገር ቤት ያሉትን ጣቢያዎች የከፈተ ሰው ሐዘኑን ከሕዝቡ ጋር አብሮ ሰምቷል። ፋይል በየተራ የሚያጫውት ኮምፒዩተር ያን ዕለት ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ዘፈን ያሰማል።

ለቆየ ሙዚቃ ፍቅር ላለው ሰው ሸገር ተጨማሪ ጥቅም አለው። መዓዛ ብሩ የምታዘጋጀው «የጨዋታ እንግዳ» ረዣዥም ቃለ መጠይቆችን የሚያቀርብ ዝግጅት ሲሆን ከእንግዶቹ መካከል አንጋፋ የሙዚቃ ሰዎችም ይገኙበታል። ቆየት ያሉት ክፍሎች ኢንተርኔት ላይ ስለሚገኙ ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም። ዘፈኑን ከሰሙ በኋላ ታሪኩን ከባለቤቱ አፍ መስማት ሌላ ጣዕም አለው።

ችግሩ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚተላለፍ ዝግጅት በበጋው የዋሽንግተን አቆጣጠር ከቀኑ 2 ሰዓት ላይ ይሰማል፤ አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስትመልስ ደግሞ 1 ሰዓት ላይ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማታዛውር በዓመት ሁለት ጊዜ ዝግጅቱ «ጠፋብኝ» የሚል ሰው አይታጣም። ሪያድ፣ ዶሃና ኩዌት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናቸው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። እስራኤል በበጋ እኩል ሆና በክረምቷ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለባሕረ ሰላጤውና ለእስራኤል አድማጭ እንግዲህ የሀገር ቤት ኤፍኤም ያለ ጭንቀት ይመቻል። የሜሪላንዱ ሌሊት ነጂ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በሀገራችን አቆጣጠር፣ ሬዲዮውን ሲከፍት አዲስ አበባ እኩለ ቀን ደርሷል፤ የሚያገኘውም ዜና ነው። ለእሱ የሚሆነው ቀጣዩ ዓይነት ነው።

ሃያ አራት ሰዓት ዘፈን ብቻ

ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከአውሮፓ የሚለቀቁ፣ አየር ላይ የሌሉ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰሙ የሐበሻ ጣቢያዎች አሉ። አንዳንዶቹ ጥሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ አንድ ሰው ምድር ቤቱ ውስጥ ያቋቋማቸው፣ ያ ሰው ሥራ ሲበዛበት የሚተኙ ናቸው። ስማቸው በየጊዜው ስለሚወጣና ስለሚጠፋ ስም ከመዘርዘር መለኪያውን መናገር እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው መለኪያ የዘፈኑ ስም ይታያል ወይ የሚለው ነው። ስክሪኑ ላይ «ትራክ 7» ወይም «ያልታወቀ ድምፃዊ» የሚል ጽሑፍ ደጋግሞ ከመጣ ፋይሉ ከካሴት ተገልብጦ ሳይመዘገብ የቀረ ነው። ለድሮ ዘፈን አፍቃሪ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ሰምተው የወደዱትን ዘፈን ደግመው ማግኛ የለዎትም። ዘፈን ሰምተው ስሙን የሚነግሩ፣ ሻዛምን የመሰሉ አፖች የሚያውቁት መዝገባቸው ውስጥ ያለውን ቅጂ ብቻ ነው፤ ካሴቱ ሲገለበጥ ፍጥነቱ ትንሽ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ደግሞ ያንኑም ሊስቱት ይችላሉ። ፍጥነቱ የተዛባ ቅጂ በጆሮም ይለያል፤ የሚያውቁት ድምፃዊ ድምፁ ቀጥኖ ወይም ጎርንኖ ከመጣ ነገሩ ካሴቱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሰው የሚገባበት ሰዓት መኖሩ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሁለት ሰዓት የሚገባ አዘጋጅ ያለው ጣቢያ የቀረውን ሰዓትም ይንከባከበዋል።

ብዙ ሰው ደግሞ «ለምን የጥላሁንን ብቻ ለሁለት ሰዓት አያሰሙንም?» እያለ አዘጋጆቹን ይወቅሳል። አሜሪካ ሆኖ በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራ የኢንተርኔት ጣቢያ ይህን ማድረግ አይችልም። የሀገሪቱ ሕግ አድማጭ ዘፈን ለማይመርጥባቸው ጣቢያዎች በሚሰጠው ፈቃድ መሠረት በሦስት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ድምፃዊ ከ4 ዘፈን በላይ፣ በተከታታይም ከ3 በላይ ማሰማት አይፈቀድም። ከአንድ አልበም ደግሞ 3፣ በተከታታይ 2 ብቻ። ቀጥሎ የሚመጣውን ዘፈን አስቀድሞ ማሳወቅም ክልክል ነው። እና ጣቢያው ከጥላሁን ወደ ብዙነሽ፣ ከብዙነሽ ወደ ሙሉቀን እየዘለለ ቢያስቸግርዎ ስንፍና አይደለም። በእኔ ጆሮ ይህ ገደብ ጥሩ ነገር አምጥቷል፤ ያልጠበቁትን ድምፅ ያሰማል። ቀኑን ሙሉ አንድ ድምፃዊ መስማት የሚፈልግ ሰው ሬዲዮ አያስፈልገውም፤ አልበም ይግዛ።

እነዚህ ጣቢያዎች ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚጠፉም መታወቅ አለበት። ላይቭ365 በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ጣቢያዎችን ያስተናግድ የነበረ የአሜሪካ አገልግሎት ነው። ትናንሾቹ በዝቅተኛ ዋጋ ይከፍሉት የነበረው የመብት ክፍያ ሥርዓት በ2015 መጨረሻ ሲያበቃ፣ ጥር 2016 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ጣቢያዎቹም አብረውት ጸጥ አሉ። በ2017 በሌላ ባለቤት ተመልሷል፣ ግን ያኔ የጠፉት ሁሉ አልተመለሱም። የሚወዱት ጣቢያ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ይፈልጉ።

ማውጫዎቹ፦ ሬዲዮ ጋርደን፣ ቱን ኢን፣ ሬዲዮ ብራውዘር

እነዚህ ጣቢያ ሳይሆኑ የጣቢያ ማውጫ ናቸው። ሬዲዮ ጋርደን ከኔዘርላንድስ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ሲሆን የምድርን ሉል እያሽከረከሩ አረንጓዴዋን ነጥብ ሲነኩ የዚያን ከተማ ሬዲዮ ያሰማል። ለልጆች ማሳያ የሚሆን ቆንጆ ነገር ነው፤ አዲስ አበባን ነክቶ፣ ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ ካይሮ መሄድ ሰዓት ያስረሳል። ለዕለት ተዕለት ማዳመጥ ግን ሉሉ ራሱ ስልክ ያሞቃል፣ ዳታም ይበላል።

ቱን ኢን ሰፊ ነው፤ በመኪና ስክሪንና በብዙ የድምፅ ማጉያዎች ውስጥ ተጭኖ ይመጣል። ነፃው አገልግሎት ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የራሱን ማስታወቂያ ያስገባል።

ለንደን ላሉ ሰዎች ግን ሁለቱንም አልመክርም። በብሪታንያ ፍርድ ቤት የሙዚቃ አሳታሚዎቹ ዋርነርና ሶኒ ቱን ኢንን ከስሰው ከረቱት በኋላ ቱን ኢን በ2020 እ.ኤ.አ. የውጭ ጣቢያዎችን ለብሪታንያ አድማጮች ዘጋ። ሬዲዮ ጋርደንም በ2022 ተከተለው። የአዲስ አበባው ጣቢያ «አይገኝም» ካላቸው ጥፋቱ የጣቢያው አይደለም፤ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ድረ ገጽ መሄድ ይበቃል።

እኔ የማደላው ወደ ሬዲዮ ብራውዘር ነው። በበጎ ፈቃደኞች የሚሞላ ክፍት ማውጫ ሲሆን ሬዲዮድሮይድና ትራንዚስተርን የመሳሰሉ ማስታወቂያ የሌላቸው ቀላል አፖች ከእሱ ይቀዳሉ። ጉድለቱ በጎ ፈቃደኛ የሞላው መሆኑ ነው፤ የሞተ አድራሻ ይበዛበታል፣ የኢትዮጵያ ጣቢያዎችም ስማቸው በተለያየ የላቲን አጻጻፍ ስለገባ በአንድ ፍለጋ አይገኙም። በሀገር ስም አጣርተው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ቢያዩት ይሻላል።

ከሁሉም የሚቀለው መንገድ ማውጫውን ጭራሽ መተው ነው። የጣቢያውን የስርጭት አድራሻ (የስትሪም ሊንክ) ካገኙ ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። ስልክም ኮምፒዩተርም ላይ ይሠራል፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለበትም።

የውጭዎቹ

የእኛን የሸክላ ዘመን የሚወድ ሰው የአሜሪካንን የሶል ሙዚቃም መውደዱ አይቀርም፤ ዝምድናቸው የደም ነው። አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ የዚያን ጊዜ ወጣቶች አር ኤንድ ቢና ሶልን የሰሙበት አንዱ መንገድ እሱ ነው። ዓለማየሁ እሸቴ መድረክ ላይ ሲወጣ እነማንን እንደሰማ ያስታውቅ ነበር።

ለዚህ ጆሮ ሶማ ኤፍኤም አለ። ከሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በአድማጭ መዋጮ ብቻ የሚሠራ፣ ማስታወቂያ የማያስገባ ጣቢያ ነው። ከቻናሎቹ መካከል «ሰቨን ኢንች ሶል» የሚባለው የድሮ ሶል ከትንሿ ሸክላ ያሰማል። የሰባዎቹን ለስላሳ ሮክ ለሚወድ «ሌፍት ኮስት 70ስ» አለ። ሬዲዮ ፓራዳይስ፣ እሱም ከ2000 ጀምሮ ከካሊፎርኒያ፣ ዘመን ሳይለይ አሮጌና አዲሱን ያዋህዳል፤ ድምፅ ሳይቀነስበት በፍላክ የሚለቀቅ ስርጭትም አለው። መራጭ ሰው እንዳለ ለመረዳት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጥሩ ማጉያ ላለውና ገደብ የሌለው ኢንተርኔት ላስገባ ሰው ከዚህ በላይ አልጠቁምም።

የፈረንሳዩ ፊፕ ከ1971 ጀምሮ ያለ የመንግሥት ጣቢያ ነው። ጃዝ፣ ግሩቭና የዓለም ሙዚቃ እያለ በኢንተርኔት ብዙ ቻናል ከፍቷል፤ የተጫወተውን ዘፈን ስም ከነሰዓቱ ያስቀምጣል። የእኛን ሙዚቃ አልፎ አልፎ መስማትም ይቻላል፤ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ የወጡት የኢትዮፒክስ አልበሞች የታተሙት እዚያው ፓሪስ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የውጭ ጣቢያ «የኢትዮጵያ የድሮ ሙዚቃ» ሲል በአብዛኛው ሙላቱ አስታጥቄን፣ ጌታቸው መኩሪያንና ማሕሙድ አህመድን ነው። የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» በ2005 የሙላቱን ሥራዎች ለዓለም ካሰማ ወዲህ ደግሞ ቃል የሌለው ሙዚቃ በዛ። ግጥም ለሚወድ የሐበሻ አድማጭ ግማሹ ነገር ይቀርበታል። ሒሩት በቀለን ፍለጋ ፊፕ መክፈት ድካም ነው።

ዩቲዩብና ቴሌግራም ለምን አይበቁም?

ይበቃሉ የሚሉ አሉ፤ አንድ የተወሰነ ዘፈን ለሚፈልግ ሰው እውነታቸውን ነው። ስሙን የሚያውቁትን ዘፈን ሬዲዮ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ትርጉም የለውም። ቴሌግራም ደግሞ አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ስለሚያጫውት ሀገር ቤት ላለ ሰው ኪስ ይቆጥባል። ዩቲዩብ በበኩሉ ቪዲዮ ስለሚያወርድ ዳታ ይበላል፤ ካልከፈሉበት በቀር ስክሪኑ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ምርጫው ነው። ሦስት ዘፈን ከሰሙ በኋላ ማሽኑ አስቀድሞ የወደዱትን መልሶ መላልሶ ያቀርባል። ስሙን ረስተውት የነበረውን፣ በልጅነትዎ ጎረቤት ቤት ሲዘፈን የሰሙትን የሚያመጣው ሌላ ሰው ሲመርጥልዎ ነው።

ዳታ

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ64 ኪሎቢት የሚለቀቅ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ በ128 ከሆነ 58፣ በ320 ከሆነ 144። በቀን ሦስት ሰዓት የሚሰማ ሰው በ128 ኪሎቢት በወር 5.2 ጊጋባይት ያህል ያወጣል፤ በ64 ግማሹን።

ለድሮ ዘፈን 64 ኪሎቢት ያንሳል ወይ? በኤምፒ3 ከሆነ አዎ፣ ትንሽ ያንሳል፤ ሲምባሉ ውሃ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። ኤኤሲ በሚባለው አዲስ የድምፅ መጭመቂያ ከሆነ ግን ለስልክ ማዳመጫም ሆነ ለትንሽ ብሉቱዝ ማጉያ በቂ ነው። ከዚያ ዘመን ቅጂዎች ብዙዎቹ ሞኖ መሆናቸውም ያግዛል። ጣቢያው ሁለት አማራጭ ካቀረበ አነስተኛውን ኤኤሲ ይምረጡ። የሳሪሱ ወዳጄ አዲስ አበባ ስለሆነ ግን የምለው ሌላ ነው፦ ስልኩ ኤፍኤም መቀበያ ካለው ሽቦ ያለው ማዳመጫ ይሰካና በነፃ ይስማ፤ ኢንተርኔቱን አየር ላይ ለሌሉት ጣቢያዎች ያስቀረው።

ለእናት ለአባት የሚገዛ ሬዲዮ

ከሀገር ውጭ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ወላጆች አፕ መክፈት ያስቸግራቸዋል። ለእነሱ ራሱን የቻለ፣ ዋይፋይ ላይ የሚሠራ፣ ቁልፍ ያለው የኢንተርኔት ሬዲዮ መግዛት ተገቢ ነው። ሲገዙ ግን የጣቢያ ዝርዝሩን ከየት እንደሚያመጣ ይጠይቁ። ሬሲቫ የሚባለው የዝርዝር አገልግሎት በ2021 እ.ኤ.አ. ሲቋረጥ በእሱ ላይ የተመሠረቱ ብዙ ሬዲዮዎች፣ ምንም ሳይበላሹ፣ ጣቢያ መፈለግ አቅቷቸው ቀርተዋል። አድራሻ በእጅ የሚያስገቡበት ወይም ቢያንስ ብሉቱዝ ያለው ይሁን፤ ዝርዝሩ ቢጠፋ በስልክ ያጫውቱበታል።

ቁልፍ 1 ላይ ከአዲስ አበባ ኤፍኤሞች አንዱን፣ ቁልፍ 2 ላይ ሃያ አራት ሰዓት ዘፈን የሚያጫውተውን ይሙሉ። ሦስተኛው ላይ እንደየሃይማኖታቸው የመዝሙር፣ የመንዙማ ወይም የስብከት ጣቢያ ያስገቡላቸው። ከዚያ በላይ አይሙሉ፤ ስድስት ቁልፍ ከተሞላ የትኛው የት እንደነበር ይጠፋቸዋል። ለጋራ ቤት የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ እማማ ሲተኙ ሬዲዮው እስኪነጋ አይጮህም።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ጣቢያ እየተጫወተ ሳለ ሬዲዮውን ከሶኬት ይንቀሉትና መልሰው ይሰኩት። ራሱ ዋይፋዩን ይዞ ወደ ነበረበት ጣቢያ ከተመለሰ ይግዙት። ምናሌ ከፍቶ «ቋንቋ ይምረጡ» ካለ ለሻጩ ይመልሱለት።